ዐቃቤ ሰዓት እና የውጫሌው ልብስ ሰፊ ሰዓት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከሦስት ወር በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የውጫሌ ልጅ ናት፤ አሁን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ስሟን ሳልጠቅስ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። አባቷ ውጫሌ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አምና ወደ አኼራ ሄዱ። ለእሷ የደረሳት አንድ ሲኮ 5 የእጅ ሰዓት ነው። «ቲቸር፣ አባባ ይሄ ሰዓት ከሬዲዮ ጋር እኩል ነው ይል ነበር። እኔ እጅ ላይ ግን በሳምንት ሰባት ስምንት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ሰኞ ጠዋትማ ቆሞ ነው የማገኘው። ወንድሞቼ በቃ ሞቷል፣ ሽጪው ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?»

እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም። ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም ሰዓትን ማን ነው ትክክል የሚያደርገው የሚለው ነገር በእኛ አገር፣ በተለይ በሐይቅ፣ የቆየ ጉዳይ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ትገባላችሁ፤ ከከተማዋ ወረድ ሲባል ውኃው፣ ውኃው ዳር ገዳሙ። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ትምህርት ቤት ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። የዚህ ገዳም አበምኔት የሚጠራበት ማዕረግ «ዐቃቤ ሰዓት» ነበር። ፍቺው ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ማዕረጉ የገዳም ብቻ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥትም ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ምን ያህል ባለሥልጣን እንደነበሩ ዜና መዋዕሉ ይመሰክራል። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም «ካቤያታ» እያለ የሚጽፈው ይህንኑ ማዕረግ ነው፤ ከንጉሡ ቀጥሎ ሁለተኛው ሰው ነው ይላል።

እስቲ አስቡት። በአገሩ ውስጥ ጥርስ ያለው ጎማ የሚያዞር ሰዓት በሌለበት ዘመን «ሰዓት ጠባቂ» የሚባል ሹም አለ። ሰዓት ማለት የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ የጸሎት ሰዓት፣ የንጉሥ ሰዓት። ካልጠበቁት የሚያመልጥ። ሌሊቱንና ቀኑን በጸሎት የከፈለውን መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም የዚሁ የሐይቅ ተማሪ መሆናቸው ደስ ይለኛል።

በምን ይለኩት ነበር? ቀን ቀን በጥላ። በብራና መጻሕፍት ውስጥ ወር በወር፣ ሰዓት በሰዓት የጥላ ርዝመት የተጻፈባቸው ሰንጠረዦች አሉ። ሰውየው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ የራሱን ጥላ በራሱ እግር እየረገጠ ይሰፍራል፣ የጫማውን ቁጥር ከወሩ ጋር ያስተያያል። ረጅሙ ሰው ጥላው ይረዝማል፤ እግሩም ስለሚረዝም ቁጥሩ ከአጭሩ ሰው ጋር ተቀራራቢ ይሆናል። መሣሪያውና ባለመሣሪያው አንድ አካል ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ሲኮው ስንመጣ ታስፈልገናለች።

በነገራችን ላይ ሐይቅ ላይ ቆማችሁ ጥላ ብትለኩና የእጅ ሰዓታችሁን ብታዩ አይስማሙም። የምንጠቀምበት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ሐይቅ ግን 39 ዲግሪ ከ40 አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይዋ በአማካይ 21 ደቂቃ ትዘገያለች። ጥላ የሚያጥረው በጥቅምት መጨረሻ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ5 ግድም ነው፤ በየካቲት መጀመሪያ ግን 6 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን እኩለ ቀን ላይ ጥላ ከእግር ሥር ይገባል። እና «ትክክለኛ ሰዓት» ሲባል ከማን ጋር ትክክል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የውጫሌው ልብስ ሰፊ መልስ ግልጽ ነበር፦ ከሬዲዮ ጋር።

አሁን ወደ ሰዓቱ።

የሚሞላ ሰዓት ሆድ ውስጥ አንድ ጥቅልል ሞላ አለ፤ ሲጠመዘዝ ጉልበት ያከማቻል፣ ሲፈታ ጎማዎቹን ይገፋል። ጉልበቱን በምጥን የምትለቀው አንዲት ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ጎማ ናት፤ እሷን የሚመልሳት ፀጉር የሚያህል ሌላ ቀጭን ሞላ አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጥቶ በብዙ ሲኮ 5 ውስጥ የገባው 7ኤስ26 የተባለው ማሽን በሴኮንድ 6 ጊዜ ይመታል፤ በቀን 518,400 ማለት ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህ ማሽን በቀን እስከ 20 ሴኮንድ ሊዘገይ፣ እስከ 40 ሴኮንድ ሊቀድም ይችላል ብሎ ነበር የሚሸጠው። ስዊሶች «ክሮኖሜትር» የሚል ማረጋገጫ የሚሰጡት እንኳ በቀን ከ4 ሴኮንድ መዘግየትና ከ6 ሴኮንድ መቅደም ላላለፈ ነው፤ ለዚያውም 15 ቀን በ5 አቀማመጥና በ3 የሙቀት መጠን ፈትነው። 5 አቀማመጥ የሚለው ላይ አስምሩበት።

ለምን አቀማመጥ? ሰዓቱ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ የምትወዛወዘው ጎማ በምሰሶዋ ሹል ጫፍ ብቻ ድንጋዩ ላይ ትቆማለች፤ ልክ እንደ እንዝርት። ፍትጊያው ትንሽ ነው። ምስማር ላይ ሲንጠለጠል ወይም በጎኑ ሲቆም ግን ምሰሶዋ በሁለቱም ጫፍ በጎን ትደገፋለች፤ ፍትጊያው ይጨምራል፣ ውዝዋዜዋ ያጥራል። ጎማዋ በአንድ ጎን ጥቂት ከከበደች ደግሞ ያ ክብደት ከላይ ሲሆንና ከታች ሲሆን አካሄዷ ይለያያል። ይህን ችግር ለማሸነፍ ነው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ በ1801 እ.ኤ.አ. ጎማዋን ከነቤቷ የሚያሽከረክር ዘዴ በፓሪስ ያስመዘገበው። የዚያ ዘመን ሰዓት ቀኑን ሙሉ ኪስ ውስጥ ቆሞ ስለሚውል ነው። ሰዓት ከኪስ ወደ እጅ የወጣው፣ በተለይ ከ1ኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ ቀኑን ሙሉ የሚገለባበጥ ሆነ፤ የሰውየው ሥራ የሰዓቱ አቀማመጥ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዬ ጥያቄ አበዛሁባት። አባትሽ እንዴት ነበር የሚያስሩት? ሌሊት የት ያስቀምጡት ነበር? አንቺስ?

መልሷን እንዳለ ላስቀምጥ ብል ይረዝማል። በአጭሩ አባቷ ሲንጀር መኪና ላይ ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ ይሰፋሉ። ግራ እጃቸው ጨርቁን እየመራ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ውዱእ ሲያደርጉ ሰዓቱን ይፈቱታል፣ መልሰው ያስሩታል፤ በቀን 5 ጊዜ። ማሰሪያውን ጠበቅ አድርገው ነው የሚያስሩት፤ ላላ ያለ ሰዓት ጨርቅ ይይዝባቸዋላ። ሌሊት የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አስተኝተውት ያድራሉ። እሷ ደግሞ እንደ አምባር ላላ አድርጋ ነው የምታስረው። ኮምፒውተር ላይ ነው የምትውለው። ቤት ስትገባ አውልቃ ስልኳ ላይ ትደርበዋለች፤ የስልኩ ሽፋን በማግኔት የሚዘጋ ነው። ቅዳሜና እሑድ አታስረውም።

አያችሁ? አንድ ሰዓት ነው፤ ሁለት ኑሮ ነው የኖረው።

ሲኮ 5 የመጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። «5» ያሉት አምስት ነገር ቃል ስለገቡበት ነው፦ በራሱ የሚሞላ፣ ቀንና ዕለቱን በአንድ መስኮት የሚያሳይ፣ ውኃ የሚቋቋም፣ መሙያው 4 ቁጥር አጠገብ ገባ ያለ፣ እቃውም ማሰሪያውም ጠንካራ። በራሱ የሚሞላ ማለት ከጀርባው ግማሽ ክብ ብረት አለ፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ይሽከረከርና ሞላውን ይጠመዝዛል። 7ኤስ26 ደግሞ በጣት መሙላት የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚበላው የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ከጠገበ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል። የልብስ ሰፊው እጅ ቀኑን ሙሉ ሲያበላው ይውል ነበር። የቢሮ እጅ ግን ከኪቦርድ አይነሳም። ሞላው ሳይጠግብ ሲቀር ውዝዋዜዋ ያጥራል፣ ያ የአቀማመጥ ስሕተት ሁሉ ይጎላል፤ ዓርብ ማታ ከተፈታም ሰኞን አያይም። ሰኞ ጠዋት የምታገኘው የሞተ ሰዓት ሳይሆን የተራበ ሰዓት ነው።

ይህን ስጽፍ የምናፍቀው ሳይሆን የሚያናድደኝ አንድ አባባል ትዝ አለኝ። «የድሮ ሰዓት እኮ አያዛንፍም ነበር!» ያዛንፍ ነበር እንጂ። የድሮ ሰዎች ናቸው የማያዛንፉት። የእጅ ሙሊት ሰዓት ያለው ሰው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሞላው ነበር፤ ብዙዎቹ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት። ይህ ዝም ብሎ ልማድ አልነበረም፤ ሞላው በየቀኑ በተመሳሳይ ጥጋብ ላይ ስለሚሆን የቀኑ ስሕተት ተመሳሳይ ይሆናል። ተመሳሳይ ስሕተት ደግሞ በቀላሉ ይታረማል። ከዚያ የሬዲዮ ዜና ሊጀምር ሲል ሁሉም እጁን ያያል። 30 ሴኮንድ የቀደመችው ትመለሳለች፣ የዘገየችው ትገፋለች። በየቀኑ የሚታረም ሰዓት ስሕተቱ አይጠራቀምም፤ ስለዚህ ባለቤቱ «አያዛንፍም» ብሎ ቢምል ሐሰት አልተናገረም። የተማሪዬ አባት በሬዲዮ የሚምሉት ለዚህ ነው። እሷ አባቷ ሲያስተካክሉት አይታ አታውቅም ነበር፤ ለእናቷ ደውላ ስትጠይቅ «እንዴ! በየማታው ነዋ» አሏት።

ከዚያው ሬዲዮ ጋር የተያያዘ አንድ ጉድ አለ። ብዙ ቤት ሰዓት የሚቀመጠው ሬዲዮው ላይ ነበር። የሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ግን ከኋላው ማግኔት አለው። ፀጉር የምታህለው ሞላ ማግኔት ከያዛት ጥቅልሎቿ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ አንዳንዴም ይጣበቃሉ። አጭር ሞላ ሆነች ማለት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ሰዓቱ በቀን ደቂቃዎች ሊቀድም ይችላል። ሰዓቱን የሚያርመው ሬዲዮ ሰዓቱን ያሳብደው ነበር። ዛሬ የሬዲዮውን ቦታ የስልክ ሽፋን፣ የቦርሳ መዝጊያና የጆሮ ማዳመጫ ሣጥን ወርሰውታል። መፍትሔው ሰዓት ሠሪ ቤት በሴኮንዶች የሚያልቅ ነው፤ ሰዓቱን እንኳ መክፈት አያስፈልግም።

ሙቀትስ? ተራ የብረት ሞላ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሰዓቱ ይዘገያል፤ ማካካሻ ከሌለው ለአንድ ዲግሪ በቀን 10 ሴኮንድ ግድም። ሻርል ኤድዋር ጊዮም የተባለው ስዊስ ሙቀት ብዙ የማይነካቸውን የኒኬል ቅይጥ ብረቶች አግኝቶ በ1920 እ.ኤ.አ. የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት የወሰደው ይህም ውስጥ ስላለ ነው። ስለዚህ የአምባሰል ብርድ ሰዓቴን አበላሸው የምትሉኝ፣ ብርዱን ተዉት። አቧራው ግን እውነት ነው፤ የምግብ እጅ ስንታጠብ የሚገባው ውኃም እንዲሁ።

አሁን ደግሞ የምወደው ክፍል፣ ቀን ቆጣሪው። ሲኮ 5 ቀን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሁለት ጊዜ ሲያልፉ አንዴ ነው። ፈረንጁ ይህን ለእኩለ ሌሊት ነው የሠራው። እኛ ግን በራሳችን አቆጣጠር ስናስረው 12 ሰዓት ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። (አንዳንዱ ሰው በፈረንጅ አስሮ ትይዩውን ቁጥር ያነባል፤ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ማንበብ ለውጫሌ አዲስ አይደለም፣ የ1881 ዓ.ም.ን ውል አስታውሱ።) የተማሪዬ አባት ሰዓት ቀን የሚቀይረው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነበር። አስበው ያድርጉት አያድርጉት አላውቅም እንዳልል እናቷ ነግረዋታል፦ «ቀኑ በመግሪብ ይገባል፣ ሰዓቱም እንደዚያው ይሁን» ብለው ነው። የበዓል ዋዜማ ማታ የሚገባላቸው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም ቢሆኑ አይቃወሟቸውም። ጣጣው ምንድን ነው፣ ማሽኑ ቀን ለመቀየር ከሦስት ሰዓት ያህል በፊት ጀምሮ ጥርሶቹን ያቆላልፋል። በዚያ ሰዓት ቀኑን በመሙያው ለማዞር መሞከር ጥርስ ይሰብራል። የፋብሪካው ማስጠንቀቂያ «ማታ ከ3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 አትንኩ» ሲል፣ በእሳቸው አስተሳሰር ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ልክ ገበያ የሚበተንበት።

በኢትዮጵያ ቀን ለሚያነብ ሰው ሌላም ሥራ አለ። ሰዓቱ እስከ 31 ይቆጥራል፣ የእኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ መባቻ 31ን መዝለል ግድ ነው። ጳጉሜን 5 ሲያልቅ ደግሞ መስከረም 1 ላይ ሰዓቱ 6 ይላል፤ ወደ 1 ለመመለስ 26 ጊዜ መግፋት ነው። በዓመት 13 ማስተካከያ፣ ለ13 ወር። ፈረንጁ 5 ብቻ ይበቃዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1954 እ.ኤ.አ. የስዊስ ጉብኝታቸው ጋር የሚያያዝ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ነበራቸው፤ 2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ክርክር ምክንያት የተነሳው። የወርን ርዝመት፣ የካቲት 29ኛዋን የፈረንጅ ቀን ሳይቀር፣ በራሱ የሚያውቅ ማሽን ነው። ጳጉሜን ግን አያውቃትም። የአምባሰል ተወላጇ እቴጌ መነን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ነገሩን ላሳጥር። ለተማሪዬ የመከርኳት ይህን ነው፦ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ቅዳሜና እሑድም አትፍቺው፣ ከስልክሽ አርቂው፣ ሌሊት ፊቱን ወደ ላይ አስተኚው፣ በየማታው ልዩነቱን ጻፊ። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሯን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በሳምንት ስምንት ደቂቃ የነበረው ወደ ሦስት ደቂቃ ወርዷል፤ ሰኞም አልቆመም። ሌሊት በጎኑ ስታቆመው የበለጠ እንደሚዘገይ ራሷ ደርሳበታለች። የቀረው ሦስት ደቂቃ በማሰሪያ የሚፈታ አልነበረም፤ ዘይቱ ደርቋል። «ሰዓት ሠሪ ዘንድ ውሰጂው» አልኳት።

ወሰደችው። ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ሲከፍት ጠራትና በማጉያው አሳያት። ከክዳኑ ውስጥ በመርፌ የተጫሩ ሦስት ጽሑፎች አሉ፦ 94፣ 99፣ 2005። ከእያንዳንዱ ጎን «ሐ» የምትመስል አንዲት ፊደል። ሰዓት ሠሪዎች የጠገኑትን እንዲህ ምልክት ያደርጉበታል፤ ክዳኑን የሚከፍት ሌላ ሰዓት ሠሪ ብቻ ነው የሚያነበው። እናቷም ወንድሞቿም ስለዚህ ምንም አያውቁም። አባቷ በየጊዜው ወደ ሐይቅ ወይ ወደ ደሴ ወስደው ያሳጥቡት ነበር ማለት ነው፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሰው ዘንድ።

ሰዓቱ ታጥቦ አራተኛው ዓመት ከሥር ተጭሮ ተመልሷል፤ አሁን በቀን 15 ሴኮንድ ይቀድማል አለችኝ። እኔ የፈለግሁት ያንን «ሐ» ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓ.ም. ሐይቅ ወይም ደሴ ላይ ሰዓት ያሠራችሁ፣ የአባት ወይም የአያት ሰዓት ያላችሁ፣ ለእድሳት ስትወስዱት የክዳኑን ውስጥ ፎቶ አስነሱና ላኩልኝ። በራሳችሁ በቢላዋ አትክፈቱት፣ አደራ።